ያላጨበጨብኩለት ሰባተኛው ነጥብ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከሚስቴ ከአስካለ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። እሷ ቀድማኝ አነበበች፤ እኔ አሁንም ጣቴን ቃሉ ላይ ሳላደርግ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ነገር የተማረ ሰው አጻጻፍ ባይሆን አትፍረዱብኝ። ልጆቼ "አባባ፣ ይህን ነገር ሳትጽፈው እንዳትሞት" እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። ነገሩ የሁለት ቀን ነገር ነው። ድካሙ ግን እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ማዞሪያን አለፍ ብሎ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ወፍጮው የማኅበር ነው። መቼም በዚያ ዘመን ያልተደራጀ ሰው አልነበረም። የኛ ማኅበር የሰፈር ልማትና መረዳጃ ነበር፤ ቦይ ያስቆፍራል፣ ድልድይ ያሠራል፣ ወፍጮ ያስተክላል፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ነበረው። ዛሬ ፈርሷል። አሁን ፎቅ የሞላው የገርጂ ሜዳ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር፤ ባላገሩ እህሉን በአህያ ጭኖ እኔ ዘንድ ያስፈጫል። ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ስለሚያጓራ ጮክ ብዬ መናገር ለመደብኝ። አስካለ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እህል አይደለሁም፤ ቀስ ብለህ ተናገር" ትለኛለች።

ለማኅበሩ አገር አቀፍ ጉባኤ ተወካይ ሲፈለግ የኛ ቅርንጫፍ እኔን መረጠ። ዐዋቂ ሆኜ አይምሰላችሁ። ከአስተማሪና ከነጋዴ ይልቅ ላብ አደር ይላክ የሚል መመሪያ መጥቶ ነው። የቅርንጫፋችን ጸሐፊ ጓድ ሰለሞን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ነገሩን ሊያስረዳኝ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ።

"ጋሼ በላቸው፣ ብዙ አይጨነቁ" አለኝ። "እርስዎ የሚጠበቅብዎ መቀመጥ ነው። ሲጨበጨብ ያጨበጭባሉ። ሻይ አለ፣ ምሳ አለ።"

"ማጨብጨቡን እችላለሁ" አልኩት።

ከዚህ በፊት ግን ስለ ጥላሁን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በሱ ነው።

ጥላሁን የመጀመሪያ ልጄ ነው። ሶማሊያ የወረረችን ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ። ጦርነቱ አለቀ። ከሰፈሩ ልጆች ገሚሱ ተመለሰ፣ የገሚሱ መርዶ ተነገረ። የጥላሁን ሁለቱም አልሆነም። ቆይቶ ቆይቶ አብሮት የዘመተ አንድ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ በክራንች እየተራመደ ወፍጮ ቤት መጣ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ጋሼ፣ ጥላሁን ተይዟል" አለኝ። "ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ሲጭኑት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቼ ነበር። በሕይወት ነበር፤ በእግሩ ነው የወጣው።"

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ። አንድ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልዴ ሽማግሌዎች አስከትለው በሬን መቱ። በዚያ ሰዓት ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ደጃፉ ላይ ቆምኩና መንገዱን ዘጋሁባቸው።

"አቶ ወልዴ፣ ሬሳውን ያየ አለ?"

"የለም፣ በላቸው። ግን ጊዜው ረዘመ። ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ አይኖርም። አስካለ ታልቅስና ይውጣላት።"

"ያየ ከሌለ መርዶ የለም። በሉ ደህና ዋሉ።"

ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ "በላቸው ደረቅ ነው" ይለኝ ጀመር። ነኝ። አልካድኩም።

ጉባኤው የተደረገው ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ትልቅ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ውስጡም ቀይ ጨርቅ። ሦስት ባለ ጺም ፈረንጆች ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያዩናል። ከየክፍለ ሀገሩ ሰው መጥቷል፤ ገሚሱ ጋቢ ለብሷል፣ ገሚሱ ካኪ። ስለ ቦይና ስለ ወፍጮ የምንነጋገር መስሎኝ የሞተራችንን ቀበቶ ነገር ለማንሣት ተዘጋጅቼ ነበር። መጀመሪያ የቀረበው ግን የውጭ ጉዳይ የአቋም መግለጫ ሆነ።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ተስፋዬ ይባላል። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የሰለለ፣ ዕንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። አንድ ጎልማሳ ነጥቦቹን በማይክሮፎን ያነባል፤ ይጨበጨባል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አልፎ አልፎ ክርክር ይነሣል። ክርክሩም እንዲህ ነው።

አንድ ከጎጃም የመጡ ሰው ተነሥተው "እናወግዛለን በሚለው ላይ 'አጥብቀን' የሚል ይጨመርልኝ" አሉ።

ከአሰላ የመጣ ሌላ ሰው "ከላይ በነጥብ ሁለት ላይ አጥብቀን ብለናል" አለ። "ሁሉንም አጥብቀን ካወገዝን የቱ እንደባሰ በምን ይታወቃል? አንዳንዱን ላላ እናድርገው።"

ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም። "ጓዶች፣ ላላ ብሎ ማውገዝ የለም" አለ። ተጨበጨበ።

አጠገቤ የተቀመጡት ከሐረር በኩል የመጡ፣ ዘነበች የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ስላለ የጦር ሰፈር ሲነበብ ወደኔ ጠጋ አሉና "ወንድሜ፣ ይህ የሚሉት ውቅያኖስ ወዴት ነው?" አሉኝ።

"እኔ ምን ዐውቄ፣ እትዬ። ከገርጂ ወዲያ ሳይሆን አይቀርም።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም አጨበጨብን። ወገቤን አሞኝ ነበር፤ ምሳ በደረሰ እያልኩ ነበር። ነጥብ ሰባት የመጣው በዚህ መሀል ነው።

"ሰባት" አለ አንባቢው። "የሞቃዲሾ ገዢዎች የኢትዮጵያ ምርኮኞች በእጃችን አሉ እያሉ የሚነዙት ወሬ ፍጹም ሐሰት ነው። አንድም ወታደራችን በጠላት እጅ አይገኝም። ያልተመለሱት ሁሉ በክብር ወድቀዋል። ጉባኤው ይህን አረጋግጦ፣ ቅርንጫፎች በየአካባቢው ከዕድሮች ጋር በመሆን የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት እንዲያደርጉላቸው ይወስናል።"

ሰው ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጀ። እኔ ቃሉን በልቤ ደገምኩት። ያልተመለሱት ሁሉ። ይህ ካለፈ ጥላሁን ሞተ ማለት ነው። አቶ ወልዴ ተመልሰው ይመጣሉ፤ አሁን ደግሞ ውሳኔ ይዘው ይመጣሉ፤ ደጃፌ ላይ ቆሜ አልመልሳቸውም። ድንኳን ይተከላል። ነገ ከነገ ወዲያ ምርኮኛ የሚለዋወጥ ቢመጣ እንኳ "የለንም" ያልነውን ልጅ ማን "ስጡን" ብሎ ይጠይቃል?

እጄን አነሣሁ።

"ጓድ፣ ድጋፍ ነው ማጠናከሪያ?" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ጥያቄ ነው።"

"ባጭሩ ይቅረብ።"

"ማን ቆጠራቸው?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አንድም የለም ካላችሁ የቆጠረ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ልጄ ሲያዝ ያየ ሰው አለኝ። ተይዞ መኪና ላይ ተጭኗል። እሱ ከየትኛው ነው የተቆጠረው? ይህ ነጥብ ይውጣልኝ።"

ማይክሮፎን አላስፈለገኝም፤ ለወፍጮ የለመደ ድምፅ ነው፣ እስከ ኋላ ደረሰ። ዘነበች ጉልበቴን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

"ጓድ፣ ያነሡት የግል ጉዳይ ነው" አለ ሊቀ መንበሩ። "የግል ጉዳይ በሌላ መድረክ ይታያል።"

"ልጄ የዘመተው በግሉ አይደለም።"

ወረቀቱን አገላበጠ። "የምሳ ሰዓት ደርሷል። ከሰዓት በኋላ በየቡድኑ እንወያያለን። ነጥብ ሰባት ነገ ጠዋት ቀርቦ ይጸድቃል።"

ምሳ ለመቀበል ስሰለፍ ከኔ ኋላ ሰልፉ ተቆረጠ። ከፊቴ ሰው አለ፤ ከኋላዬ የለም። ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ እኔ እስካነሣ ይጠብቃል። ሳህኔን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ በላሁ። ዘነበች እጅ የሚታጠቡ መስለው መጡ።

"የኔም አለ" አሉኝ ፊታቸውን ወደ ውኃው እንዳዞሩ።

"ስሙ ማነው?"

"ኃይሉ።"

"ተይዞ ነው?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ። ወድቋል አሉኝ፣ አለቀስኩ፣ ተዝካሩንም አወጣሁ። አሁን አንተ ተነሥተህ እንዲህ ስትል ሌሊቱን እንዴት ልተኛው ነው? አልቅሼ ጨርሼ ነበር እኮ።"

"ነገ አብረውኝ ይናገራሉ?"

"አልናገርም፣ ወንድሜ። ሌሎች ልጆች አሉኝ።" እጃቸውን በነጠላቸው አድርቀው ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም።

ማምሻውን፣ እንደ ቅርንጫፍ ጸሐፊ እሱም ጉባኤው ላይ የነበረው ጓድ ሰለሞን ከበሩ ላይ ጠበቀኝ። አውቶቡሱን ትተን በእግራችን ወደ ሃያ ሁለት አዘገምን።

"ጋሼ፣ እርስዎን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

"ዐውቃለሁ።"

"ነገ ማን የሚጠየቅ ይመስልዎታል?"

"እኔ።"

"እርስዎማ ያልነቃ ሽማግሌ ይባላሉ፣ ይታለፋሉ። እኔ ነኝ ያላነቃ የምባለው።"

"ታዲያ ምን ላድርግልህ፣ ልጄ?"

"አያጨብጭቡ፤ እሺ። እጅዎን ኪስዎ ከተው ዝም ብለው ይቀመጡ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማን ያይዎታል?"

"ኪሴ ቀዳዳ ነው።"

ሳይወድ ሳቀ። ትንሽ እንደሄድን "አንተስ ታጨበጭባለህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አጨበጭባለሁ" አለ። "ከጥላሁን ጋር አንድ ክፍል ተምረናል፤ ኳስ አብረን ተጫውተናል። ግን አጨበጭባለሁ፣ ጋሼ። አልዋሽዎትም።"

ማዞሪያው ላይ ተለያየን። ቤት ስገባ አስካለ ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ቀና ሳትል ሰማችኝ። ጎሽ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"እስቲ ይበሉ" አለች።

"ምን ይበሉ?"

"ሞቷል ይበሉ። ደከመኝ፣ በላቸው። ጎረቤት ሲሞት ሄጄ የማለቅሰው ለሱ ነው። ሰዉም ያውቅብኛል፤ የሟች ዘመድ ዝም ሲል እኔ ዝም ማለት ያቅተኛል። ስመለስ ደግሞ ፊቴን ታጥቤ ልጄ አለ እላለሁ። አንድ ቀን በገዛ ቤቴ ጮኼ ማልቀስ አማረኝ።"

"ካለስ?"

"ካለ ይመጣል፤ እናንተ አጨበጨባችሁ አላጨበጨባችሁ።"

"እና ነገ ላጨብጭብ?" አልኳት።

"እኔ ምን ዐውቃለሁ። ተወካዩ አንተ ነህ።"

ምስሯን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሊቀ መንበሩም ከሰለሞንም ይልቅ ያን ቀን ያደከመችኝ እሷ ናት። ሌላው ቢለኝ እቆጣለሁ። እሷን ምን ብዬ ልቆጣት?

በማግስቱ ዝናብ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ውኃው በቦይ ሞልቶ ይወርዳል፤ እኔም ምን እንደማደርግ ሳልወስን ጫማዬ ረጥቦ አዳራሹ ገባሁ። ሰለሞን ከኔ ርቆ ማዶ ተቀምጧል። ዘነበች ቦታቸውን አልቀየሩም፤ አጠገቤ ናቸው። መፈክር ተባለ፣ ተዘመረ፣ ተቀመጥን።

አንባቢው ነጥብ ሰባትን እንደ ትናንቱ አነበበ። አንድ ቃል አልተለወጠም። ሊቀ መንበሩ "ጓዶች፣ በጭብጨባ እናጽድቀው" አለ።

ጭብጨባው ተጀመረ። እግሬ ራሱ አስነሣኝ። ቆምኩ፤ እጄን አላነሣሁም፣ አልጮኽኩም፣ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት እያዩኝ ጭብጨባቸው ሳሳ፤ ከጎኔም ሳሳ፤ ከዚያ ከፊት ያሉት ዞር ብለው አዩኝና እነሱም ተዉት።

"ጓድ በላቸው፣ ይቀመጡ" አለ ሊቀ መንበሩ። ስሜን ዐውቆታል።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ ጥላሁን ሞቷል?"

"ይህ ትናንት ተነሥቷል።"

"ትናንት ያልተመለሱት ሁሉ አላችሁ። ሁሉ ማለት የኔም ነው። ደግ። በኛ አገር ልጅ ሲሞት ግን በጭብጨባ አይነገርም። ሰው ቤት ድረስ ይመጣል፤ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ስሙን ጠርቶ ይናገራል። እናንተም እንደዚያ አድርጉልኝ። አንዳችሁ ተነሡና 'በላቸው፣ ልጅህ ጥላሁን ሞቷል' በሉኝ። እዚሁ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሳበቃ አጨበጭባለሁ።"

"ልጅዎ ጀግና ነው" አለ።

"ጀግንነቱን አልጠየቅሁም።"

ሊቀ መንበሩ ወደ ቀኙ ዞረ። በቀኙ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ወደ ግራው ዞረ። በግራው የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ሻምበል አለ፤ እሱም የጠረጴዛውን ጨርቅ ያያል። ሊቀ መንበሩ ተነሣ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ጓድ በላቸው... ልጅዎ... ጥላሁን..."

እዚያ ላይ ቆመ።

ለምን እንደቆመ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ግን ዐውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ካድሬ ቢሆንም የዚህ አገር ሰው ነው፤ መርዶ ሲነገር እያየ ነው ያደገው። ሳያውቁ የሰው ልጅ ሞተ ብሎ ለአባቱ መናገር፣ ልጁ በሕይወት ካለ፣ በአፍ እንደመግደል ነው። ለሕዝብ በማይክሮፎን "ሁሉም ወድቀዋል" ማለት ቀላል ነው። ስም ጠርቶ ለአንድ አባት ፊት ለፊት መንገር ግን ሌላ ነው። መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሻሸ። ከአጠገቤ የሲቃ ድምፅ ሰማሁ። ዘነበች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን መልሶ አደረገና ተቀመጠ።

"ነጥብ ሰባት ለተጨማሪ ጥናት ወደ አርቃቂው ኮሚቴ ተመልሷል" አለ። "ነጥብ ስምንት ይነበብ።"

"ስምንት" አለ አንባቢው። "የኒውትሮን ቦምብ መሠራቱን ጉባኤው አጥብቆ ያወግዛል።"

እንዲያ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አዳራሹ ሊፈርስ ነበር። ሰው ሁሉ ያመቀውን ትንፋሽ በእጁ አወጣው። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪያቃጥለኝ። ቦምቡ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጉባኤው ነጥብ ሰባትን መልሶ ሳያነሣ አበቃ። ስወጣ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ወደ አንድ ጠባብ ክፍል አስገቡኝ።

"ማን ላከህ?" አለኝ አንደኛው።

"ቅርንጫፌ።"

"የማንን ሬዲዮ ነው የምታዳምጠው?"

"ሬዲዮ የለኝም። ወፍጮ ነው ያለኝ።"

"ልጅህ ተያዘ ብሎ የነገረህ ማነው?"

"ወፍጮ ቤት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እህል ይዞ ወሬ ይዞ ይመጣል። እኔ እህሉን ነው የማስታውሰው።"

በክራንች የመጣውን ልጅ ስም አላወጣሁም። ደረቅነቴ እዚያ ላይ ጠቀመኝ። ለጥቂት ሳምንታት አሰሩኝ፤ ዱላ አልቀረም፣ እሱን አልዘረዝረውም። ስፈታ ወፍጮው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከዚያ ወዲያ በቀን ሥራ ነው የኖርኩት፤ ኋላ ሲኤምሲ ቤቶች ሲሠሩ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ሰለሞንን ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር አዘዋወሩት፤ ዳግም አላየሁትም። ያላነቃ ተባለ ማለት ነው። በሱ ነገር አዝናለሁ።

የተፈታሁ ዕለት ቤቴ ስገባ አስካለ ደጅ ላይ ነበረች። የጉባኤውን ነገር ከሰው ሰምታለች።

"አልነገሩህም?" አለችኝ።

"አልነገሩኝም። ሊቀ መንበሩ አፉን ከፍቶ ተወው።"

"ስሙን ጠራው?"

"ጠራው። ጥላሁን ብሎ ቆመ።"

ያን ጊዜ ጮኸች። ሰፈሩ እስኪናወጥ ጮኸች። እኔ አፏን ልይዝ ተጠጋሁና "አስካለ፣ አልሞተም እኮ፣ ማንም ሞተ አላለም" አልኳት። "ዐውቃለሁ" አለችኝ። "ዐውቃለሁ፤ ተወኝ ላልቅስ።" ተውኳት።

ጎረቤት ሮጦ መጣ። አቶ ወልዴ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡና "መርዶ መጣ?" አሉኝ።

"አልመጣም።"

"ታዲያ ምንድነው የምታለቅሰው?"

"እንዲሁ ነው የምታለቅሰው፣ አቶ ወልዴ። ልጇ ናፍቋት ነው።"

ነጠላቸውን ወደ ደንቡ መለሱና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። ድንኳን አልተተከለ፣ ሟች አልተጠራ፣ ደረት አልተመታ። ሴቶቹ ቆሎ ይዘው መጡ፤ ስለ ጥላሁን ልጅነት አወሩ፤ አስካለ አለቀሰች፤ አንዳንዴም በመሀል ሳቀች። በማግስቱም መጡ። የዕድሩ መተዳደሪያ እንዲህ ያለ ለቅሶ አያውቅም፤ አቶ ወልዴ ግን "ይሁን" አሉ።

እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ማልቀስ ልጁን መቅበር ይመስለኝ ነበር። ሚስቴን ዓመታት አፏን ይዣት ኖርኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስታለቅስ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እኔም አንዳንድ ቀን አብሬያት አለቅሳለሁ። "ሞቷል" ሳንባባል።

ሁለቱ መንግሥታት የታረቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ምርኮኞቹ እየተመለሱ ነው የሚል ዜና በሬዲዮ ተነገረ። የሉም የተባሉት ማለት ነው። ማንም "ተሳስተን ነበር" አላለም፤ እኛም አልጠየቅንም፤ ልጆቻችንን ለማየት ነው የሮጥነው።

ጥላሁን መጣ። የሄደው ጎረምሳ ነበር፤ የመጣው ጥርሱ የረገፈ፣ ጠጉሩ የነጣ ሰው ነው። ስሙን ባይነግረኝ አላውቀውም ነበር። እናቱ ግን ከሩቅ ዐወቀችው። ቤት አስገብተን እግሩን አጠብነው። በልቶ ሲያበቃ ቤቱን ዙሪያውን አየና ጠየቀኝ።

"አባባ፣ የኔን ተዝካር መቼ አወጣችሁ?"

"አላወጣንም።"

"ግድ የለም፣ ንገረኝ። አልቀየምም። እዚያ ሆነን 'የማን ቤት አልቅሶ ጨረሰ' እየተባባልን እንጫወት ነበር። እኔ ቤቴ ቀድሞ ያለቀሰ ነው ብዬ ነበር።"

"አላወጣንም አልኩህ።"

ወደ እናቱ ዞረ። "እኔ አልቅሻለሁ" አለችው። "ብዙ አልቅሻለሁ። ሞተ ግን አላልንም። አባትህ አላስባለም።"

የጉባኤውን ነገር እኔ ነገርኩት። ያን ሁሉ ዓመት ለሱ ልነግረው አስቤ ያስቀመጥኩት ነገር ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ "ወፍጮውን በዚህ ነው ያጣኸው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እኛ ምንም አልሰማንም፣ አባባ። ሬዲዮ አልነበረንም።" ከዚያ እተቀመጠበት ዕንቅልፍ ወሰደው። አስካለ ጋቢ ደረበችለት። ስለ ኃይሉ፣ ስለ ዘነበች ልጅ፣ ሲነቃ ጠየቅሁት። እንዲህ የሚባል አላውቅም አለ። ብዙ ሰው ነበርን፣ ብዙም ሞቷል አለ። ዘነበች ልጃቸውን አግኝተው እንደሁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነጥብ ከወረቀት መቅረቷ ልጄን አመጣው አልላችሁም። እሱ የመጣው መንግሥታቱ ስለታረቁ ነው። እኔ ብቀመጥም ይመጣ ነበር ይሆናል። ይህን ሳስበው ይደክመኛል፤ ወፍጮዬ፣ ወገቤ፣ የሰለሞን ኑሮ፣ ሁሉ ለምን ሆነ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ልጁ "ተዝካሬን መቼ አወጣችሁ" ሲለኝ ዓይኑን እያየሁ "አላወጣንም" ማለት መቻሌን አስባለሁ። ሌላ ያተረፍኩት የለም። እሱ ይበቃኛል።

እናንተም በየስብሰባው ትጠራላችሁ። ዘመኑ ቢለወጥም ስብሰባ አልቀረም። ዓለም ሁሉ በነጥብ በነጥብ ተዘርዝሮ ይነበብላችኋል፤ ወገባችሁን ያማችኋል፤ ምሳ ይርባችኋል። ወረቀቱ ላይ "ሁሉ" የሚል ቃል ስትሰሙ ግን እጃችሁን ከማጋጨታችሁ በፊት ማን ማን እንደሆነ ጠይቁ። በስሙ ጥሩልኝ በሉ። ሰው ይሥቅባችኋል፣ ምሳ ስታነሡ ከኋላችሁ ማንም አይሰለፍም። እኔ አሁን አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬም ደክሟል። ሰፈር ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ ግን እሄዳለሁ፤ ስም እስኪጠራ ድረስም እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።